ቅድመ ሁኔታ የሌለው የገንዘብ ድጋፍና የአነስተኛ ገበሬ ቤተሰብ ጤና

መግቢያ

ድህነት ለበሽታ፣ በሽታም ለድህነት መንገድ እንደሚጠርግ ለጤና ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። በምግብ እጥረት ሕክምና አገግሞ የወጣ ሕፃን ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ከስቶ ይመለሳል። የቅድመ ወሊድ ክትትሏን በአግባቡ የጀመረች እናት ምጥ ሲይዛት ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ባለመኖሩ እቤቷ ትወልዳለች። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ መድኃኒቱን በነጻ እያገኘ ለመመላለሻ በማጣቱ ሕክምናውን ያቋርጣል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሕክምናው አለ፤ የጎደለው ሕመምተኛውን ከሕክምናው ጋር የሚያገናኘው አቅም ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ፣ ለድሃ ቤተሰቦች ምንም ዓይነት ግዴታ ሳይጣልባቸው ጥሬ ገንዘብ መስጠት ነው። ድጋፉ በአብዛኛው የሚታየው እንደ ምጣኔ ሀብት ጉዳይ ቢሆንም፣ ውጤቱ የሚለካው በሕፃናት ክብደት፣ በእናቶች ወሊድና በቤተሰብ ሞት ጭምር በመሆኑ የጤና ባለሙያውን በቀጥታ ይመለከታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ገንዘቡ ከእጅ ወደ አፍ በሚኖር የገበሬ ቤተሰብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራና የጤና ባለሙያው ድርሻ የት ላይ እንደሆነ በጥናት ከተገኙ ማስረጃዎች በመነሣት ማብራራት ነው።

ቅድመ ሁኔታ የሌለው ሲባል ምን ማለት ነው?

በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ማኅበራዊ ድጋፍ በአጠቃላይ ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው ግዴታ ያለበት ድጋፍ ነው። በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ፕሮግሬሳ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ገንዘቡን ያገኝ የነበረው ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲልክና የጤና ክትትሉን ሲያሟላ ነበር። ሁለተኛው በሥራ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ነው። በአገራችን የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ያላቸው ቤተሰቦች እርከን በመሥራት፣ መንገድ በመጥረግና በመሳሰሉት የማኅበረሰብ ሥራዎች ተሳትፈው የሚያገኙት ክፍያ ከዚህ ወገን ይመደባል። ሦስተኛው የጽሑፋችን ርእስ የሆነው ቅድመ ሁኔታ የሌለው ድጋፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ቅድመ ሁኔታ የለውም ማለት መመዘኛ የለውም ማለት አይደለም። ተረጂው በድህነት፣ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት ወይም ትንንሽ ልጆች በመኖራቸው ሊመረጥ ይችላል። ከተመረጠ በኋላ ግን ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል አይታዘዝም፤ ይህን ባለማድረጉም አይቆረጥበትም።

የገበሬው ቤተሰብ ዓመት ከጤና አንጻር

የድጋፉን ውጤት ለመረዳት በመጀመሪያ ገንዘቡ የሚገባበትን ቤት ማወቅ ይገባል። አነስተኛ ገበሬ ካመረተው አብዛኛውን ራሱ ይበላል፤ ይሁን እንጂ ያለ ገንዘብ አይኖርም። ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ ልብስ፣ ማዳበሪያ፣ የመሬት ግብር፣ የወፍጮ ዋጋ፣ የእድር መዋጮ ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃሉ።

በመኸር ምርት የሚተዳደሩ የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎችን እንውሰድ። እህል በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። የብድር መክፈያና ግብር በዚያው ወቅት ስለሚደርሱ ገበሬው እህሉን ገበያ በረከሰበት ጊዜ ይሸጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎተራው ሲጎድል ደግሞ ያንኑ እህል በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል። የእርሻውና የአረሙ ሥራ የሚበዛው በዚሁ ክረምት ነው፤ ተቅማጥ ይበረታል፤ ክረምቱ ሲወጣም ቆላማ በሆኑ ቦታዎች ወባ ይከተላል። ስለዚህ ሰውነት ብዙ ጉልበት በሚያወጣበት፣ በሽታ በሚበዛበትና ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ በጭቃና በወንዝ ሙላት በሚቋረጥበት ወቅት ቤቱ ባዶ ይሆናል።

ቤተሰቡ ይህን ጊዜ የሚያልፈው ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ የምግቡ ዓይነት ይቀንሳል፤ ቀጥሎ የገበታው ቁጥር ይቀንሳል፤ በዚህም ብዙውን ጊዜ ቀድማ ከራሷ የምትቀንሰው እናት ናት። ከዚያም አባወራው የራሱን ማሳ ሳያርም የሰው ማሳ በቀን ሥራ ያርማል። ይህም ካልበቃ በአራጣ ይበደራል፤ ፍየሉን፣ በጉን፣ በመጨረሻም በሬውን ይሸጣል። በሬውን የሸጠ ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ለመስጠት ይገደዳል፤ የሚመጣውን ዓመት ምርትም ከሌላ ሰው ጋር ይካፈላል። አንድ ከባድ የሕመም ወጪ በዚህ መንገድ የብዙ ዓመት ድህነት ይሆናል። በሕክምና መዝገባችን ላይ "ዳነ" ተብሎ የተዘጋ ሕመም በገበሬው ቤት ውስጥ ገና ያልተዘጋ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

ገንዘቡ በቤተሰቡ ውስጥ የሚያመጣው ለውጥ

በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ቀጠና አገሮች በተካሄዱና የንጽጽር ቡድን ባላቸው ጥናቶች የታዩት ለውጦች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

ሀ. ምግብ፦ በዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2010 በካላቦ፣ በካፑታና በሻንጎምቦ ወረዳዎች የተጀመረው የሕፃናት ድጎማ ፕሮግራም ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች በወር 60 ክዋቻ ይሰጥ ነበር፤ ይህም በጊዜው ወደ 12 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። ከፍተኛው የገንዘቡ ድርሻ የዋለው ለምግብ ነው። ቤተሰቦቹ የሚመገቡት መጠን ጨምሯል፤ ከእህል በተጨማሪ የእንስሳት ተዋጽኦና ሌሎች የምግብ ዓይነቶች ወደ ገበታው ገብተዋል።

ለ. ጉልበት፦ በዛምቢያም ሆነ በማላዊ ድጋፉን ያገኙ ቤተሰቦች በሰው ማሳ ላይ በአነስተኛ ክፍያ የሚሠሩትን የቀን ሥራ ቀንሰው ጉልበታቸውን ወደ ራሳቸው እርሻ መልሰዋል። ይህ ለገበሬ ቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው። የራሱን ማሳ በወቅቱ ያረመ ሰው የተሻለ ምርት ይሰበስባል፤ የሚቀጥለው ዓመት የራብ ወራትም ያጥርለታል።

ሐ. ጥሪትና ዕዳ፦ ዶሮና ፍየል የመሳሰሉ እንስሳት መግዛት፣ የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ መጠቀም፣ ዕዳ መክፈል ተደጋግመው የታዩ ውጤቶች ናቸው። ገንዘቡ እህል በረከሰበት ወቅት ምርትን ለመሸጥ ከመገደድም ያድናል።

መ. የአእምሮ ሰላምና የቤት ውስጥ ግንኙነት፦ በኬንያ ራሪየዳ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2012 ዮሐነስ ሐውስሆፈርና ጀረሚ ሻፒሮ ባካሄዱት ጥናት፣ ድጋፉን ያገኙ ሰዎች ጭንቀትና ድባቴ ቀንሶ የሕይወት እርካታቸው ጨምሯል። የኮርቲዞል መጠናቸው ግን በአማካይ ለውጥ አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 22 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማም ከእነዚህ ውስጥ በ16ቱ የገንዘብ ድጋፍ በሴቶች ላይ በትዳር አጋር የሚፈጸመውን ጥቃት እንደቀነሰ አረጋግጧል። በቤት ውስጥ ለግጭት መነሻ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ የዕለት ጉርስ ማጣት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስገርም አይሆንም።

የሕፃናትን ሞት የቀነሰ ገንዘብ፦ የሲያያ ጥናት

ለጤና ባለሙያው ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚስበው ማስረጃ የመጣው ከምዕራብ ኬንያ ነው። በሲያያ አውራጃ በሚገኙ 653 መንደሮች እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 ባለው ጊዜ ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት ከ10,000 ለሚበልጡ ድሃ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 1,000 የአሜሪካ ዶላር ያህል ሰጥቷል። መመዘኛው የሣር ክዳን ቤት ውስጥ መኖር ነበር። ገንዘቡ በሞባይል ስልክ አማካይነት በጥቂት ወራት ውስጥ ተከፋፍሎ የተላከ ሲሆን፣ የአንድ ቤተሰብን የዓመት ወጪ ሦስት አራተኛ ያህል ይሸፍናል። የትኞቹ መንደሮች ገንዘቡን እንደሚያገኙ የተወሰነው በዕጣ ነው።

ኤድዋርድ ሚጌልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ባደረጉት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ ገንዘቡን ባገኙ ቤተሰቦች የጨቅላና የሕፃናት ሞት ዕድሜያቸው አንድ ዓመት ባልሞላቸው በ48 በመቶ፣ አምስት ዓመት ባልሞላቸው ደግሞ በ45 በመቶ ቀንሷል። እንዲህ ያለ ለውጥ በአንድ የሕክምና ዘዴ ብቻ ሲገኝ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ገንዘቡ ይህን ያደረገው በምን መንገድ ነው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥናቱ ሦስት ነገሮችን ያመለክታል። በመጀመሪያ፣ ገንዘቡ በወሊድ ጊዜ አካባቢ በእጃቸው የገባ እናቶች በጤና ተቋም የመውለዳቸው ዕድል በ45 በመቶ ጨምሯል። ሁለተኛ፣ እናቶች በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራትና ከወለዱ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት የሚሠሩት ሥራ በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ ማለትም ማረፍና ልጃቸውን መንከባከብ ችለዋል። ሦስተኛ፣ በቤቱ ያለው ምግብ ተሻሽሏል።

ይሁን እንጂ ሁለት ማሳሰቢያዎች ከውጤቱ ተለይተው መታየት የለባቸውም። አንደኛው፣ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ሐኪም ካለበት የጤና ተቋም በቅርብ ርቀት በሚኖሩት ዘንድ ነው። ሌላው፣ ክፍያው ካበቃ በኋላ ልዩነቱ አልዘለቀም። ገንዘቡ በሩን ከፍቷል፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ እናቲቱን የተቀበላት ግን የሠለጠነ ባለሙያ ነው።

ከዚህ በስፋት የተመለከተ ሌላም ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኔቸር መጽሔት የወጣውና ከ2000 እስከ 2019 የ37 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን አገሮች መረጃ የመረመረው ጥናት፣ በመንግሥት የሚካሄዱ የገንዘብ ድጋፍ ፕሮግራሞች በአዋቂ ሴቶች ሞት ላይ ከ20 በመቶ፣ አምስት ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ሞት ላይ ከ8 በመቶ ቅነሳ ጋር እንደተያያዙ አሳይቷል። ጥናቱ ግዴታ ያለባቸውንም የሌለባቸውንም ፕሮግራሞች ያካትታል።

ገንዘብ ብቻውን የማይደርስበት ቦታ

ከላይ ያየነው ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ገንዘብ ሁሉን ይፈውሳል ወደሚል መደምደሚያ ሊወስደን አይገባም። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው የምግብ እጥረት መንስኤዎች ማዕቀፍ መሠረት፣ ከሕፃን መጎዳት ሥር ያሉት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ የቤተሰብ ምግብ ማነስ፣ የእናትና የሕፃን እንክብካቤ ጉድለት፣ እንዲሁም የጤና አገልግሎትና የአካባቢ ንጽሕና ጉድለት። ገንዘብ የመጀመሪያውን በቀጥታ ያሻሽላል። ሁለተኛውን ለእናት ጊዜ በመስጠት በከፊል ያግዛል። በሦስተኛው ላይ ግን ኃይሉ ውስን ነው፤ አንድ ቤተሰብ በሚደርሰው ድጎማ የመንደሩን ምንጭ አያጎለብትም፤ በጤና ጣቢያው ውስጥ አዋላጅ ነርስ አይቀጥርም።

የዛምቢያው ፕሮግራም ይህን በግልጽ ያሳያል። የቤተሰቦቹ ምግብ እየተሻሻለ ሄዶ ሳለ የሕፃናት መቀንጨር በአጠቃላይ አልቀነሰም። መሻሻል የታየው ንጹሕ ውኃ በሚያገኙና የተሻለ ትምህርት ባላቸው እናቶች ልጆች ላይ ነው። በእናቶች ጤናም ተመሳሳይ ነገር ተስተውሏል፤ በሠለጠነ ባለሙያ እገዛ መውለድ በአጠቃላይ አልጨመረም፤ ጥራት ያለው የእናቶች አገልግሎት በአቅራቢያቸው በሚገኝላቸው ሴቶች ዘንድ ግን ጨምሯል። ይህም ከሲያያው ውጤት ጋር አንድ ነው።

በኒጀርም እ.ኤ.አ. በ2015 ድጋፉ ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ እንዲጀምር ተደርጎ የተካሄደው ጥናት አጣዳፊ የምግብ እጥረትን አልቀነሰም። ሕፃኑ ያገኘው ምግብ በትኩሳትና በተቅማጥ የሚባክን ከሆነ ገበታው መሻሻሉ ብቻ በቂ አይሆንም።

በተቃራኒው፣ ገንዘብና ሕክምና አብረው ሲሄዱ የሚገኘውን ጥቅም በዴሞክራቲክ ኮንጎ ሪፐብሊክ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ውስብስብ ችግር በሌለው ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት የታመሙ ሕፃናት ሁሉም መደበኛውን ሕክምና ሲያገኙ፣ የግማሾቹ ቤተሰቦች በተጨማሪ ለ6 ወራት በየወሩ 40 የአሜሪካ ዶላር ተሰጣቸው። ገንዘቡን ያገኙት ቤተሰቦች ልጆች በተሻለ ሁኔታ አገግመዋል፤ ካገገሙም በኋላ ወደ ሕመሙ የተመለሱት ቁጥራቸው አነስተኛ ነበር። ሕፃኑን ወደ ባዶ ጎተራ መልሶ መላክና አቅም ወዳገኘ ቤት መላክ የተለያየ ውጤት አላቸው።

ውጤቱን የሚወስኑ ሁኔታዎች

1. ወቅቱን መጠበቅ፦ በጋና እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በተገመገመው ሊፕ በተባለው ፕሮግራም ክፍያው ያለማቋረጥ ባለመድረሱ የቤተሰቦቹ ፍጆታ አልጨመረም። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ገንዘብ ዕዳ ለመክፈል ጠቅሞ ይሆናል እንጂ የልጅን የዕለት ምግብ ለማቀድ አይሆንም።

2. የመግዛት አቅም፦ ገንዘብ ዋጋው በገበያ ይወሰናል። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 በሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በጊዜው በተከሰተው የእህል ዋጋ ንረት ምክንያት በጥሬ ገንዘብ ብቻ ከተረዱት ይልቅ በእህል ወይም በእህልና በገንዘብ የተረዱት የተሻለ የምግብ ዋስትና እንደነበራቸው አመልክቷል። ስለዚህ ድጋፉ ከዋጋ ጋር እየተመዘነ ካልተስተካከለ በወረቀት ላይ ያው ሆኖ በገበታ ላይ ያንሳል።

3. አከፋፈል፦ በራሪየዳው ጥናት በየወሩ የተከፈለው ገንዘብ ይበልጥ የምግብ ዋስትናን ሲያሻሽል፣ በአንድ ጊዜ የተከፈለው ለቤት ክዳን ቆርቆሮና ለመሳሰሉት ቋሚ ዕቃዎች ውሏል። የትኛው ይሻላል የሚለው መልስ የሚያገኘው ከታሰበው ዓላማ ነው።

4. የጊዜው ርዝመት፦ በማላዊ ዞምባ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2009 ለልጃገረዶችና ለቤተሰቦቻቸው ገንዘብ በተሰጠበት ጥናት፣ ከ18 ወራት በኋላ ትምህርት ላይ ከነበሩት መካከል ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው 1.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ድጋፉን ካላገኙት ዘንድ 3.0 በመቶ ነበሩ። ቅድመ ሁኔታ የሌለው ድጋፍ ያለዕድሜ ጋብቻንና እርግዝናን ቀንሶም ነበር። ክፍያው ከቆመ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ይህ ልዩነት ጠፍቷል።

ስለ ድጋፉ የሚነሡ ሥጋቶች

በኅብረተሰቡም ሆነ በባለሙያዎች ዘንድ ተደጋግመው የሚሰሙ ሦስት ሥጋቶች አሉ። የመጀመሪያው "ገንዘቡ ለመጠጥ ይውላል" የሚለው ነው። ዴቪድ ኤቫንስና አና ፖፖቫ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ግምገማ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የተሰበሰቡ 19 ጥናቶችን መርምረው፣ የገንዘብ ድጋፍ ለአልኮልና ለትምባሆ የሚወጣውን ወጪ እንደማይጨምር፣ እንዲያውም በአንዳንዶቹ እንደቀነሰ ገልጸዋል።

ሁለተኛው "ሰውን ሰነፍ ያደርጋል" የሚለው ነው። ከላይ እንደተመለከትነው በገበሬው ቤት የታየው ሥራ መተው ሳይሆን ከሰው ማሳ ወደ ራስ ማሳ መመለስ ነው። በወሊድ ሰሞን የቀነሰው የእናት ሥራም በሐኪም ዐይን ሲታይ ስንፍና ሳይሆን ራሳችን የምንመክረው ዕረፍት ነው።

ሦስተኛው "ገበያውን ያስወድዳል" የሚለው ነው። በሲያያ የታየው አማካይ የዋጋ ጭማሪ 0.1 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ገንዘቡን ያላገኙ ጎረቤቶችም በገበያው መንቀሳቀስ ተጠቅመዋል። ይህ ማለት ግን ገበያ በራቀበትና እህል በጠፋበት ቦታም እንዲሁ ይሆናል ማለት አይደለም። በድርቅ ወቅት የሚሸመት እህል ከሌለ ገንዘብ እህልን አይተካም።

በአገራችን ከጤና ባለሙያው የሚጠበቅ

በኢትዮጵያ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱ የሆነው ቀጥታ ድጋፍ አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና የሚሠራ ጉልበት የሌላቸውን ቤተሰቦች ያለ ሥራ ግዴታ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረው አራተኛው ምዕራፍ መመሪያ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋ ከተረጋገጠበት ጊዜ ጀምሮ ሕፃኑ 12 ወር እስኪሞላው ድረስ፣ እንዲሁም በምግብ እጥረት የታመመ ልጅ የምታስታምም እናት፣ ከማኅበረሰብ ሥራ ወጥተው ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወሩ ተደነገገ። በእነዚህ ወራት የጤና ክትትልና ትምህርት እንድትከታተል ትመከራለች፤ ባትፈጽም ግን ክፍያዋ አይቆረጥባትም።

ይህ ድንጋጌ በሥራ ላይ የሚውለው በጤና ባለሙያው እጅ ነው። እርግዝናው ካልተለየ፣ ከተለየም በኋላ ማረጋገጫው በወቅቱ ካልተጻፈ፣ ሕጉ የፈቀደላት ዕረፍት ለእናቲቱ አይደርስም፤ ድንጋይ ተሸክማ እርከን ስትሠራ ትሰነብታለች። የአንዲት ቁራጭ ወረቀት መዘግየት የሕፃኑን የልደት ክብደት የሚነካ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የሚከተሉት ተግባራት በማንኛውም ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው።

ሀ. በሴፍቲኔት በታቀፉ ቀበሌዎች እርግዝናን በመጀመሪያዎቹ ወራት መለየትና ማረጋገጫውን በዕለቱ ጽፎ መስጠት፤ ለቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል መድረሱንም መከታተል።

ለ. በምግብ እጥረት ሕክምና ላይ ላለ ሕፃን እናት ስለ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ መብቷ መንገርና ሕፃኑ ከሕክምና ከመውጣቱ በፊት ጉዳይዋን ማስጨረስ።

ሐ. የሕመም ታሪክ ሲወሰድ "እዚህ ለመምጣት ምን ሸጣችሁ? ከማን ተበደራችሁ?" ብሎ መጠየቅ። መልሱ ቀጠሮን ለማስተካከል፣ መድኃኒትን ለመምረጥና ወደ ሌላ ተቋም ለመላክ ለሚደረገው ውሳኔ ይጠቅማል።

መ. ቤተሰቡ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል መሆኑን ማረጋገጥ። በገንዘብ ድጋፍ የተገዛች ፍየል በአንድ የሕክምና ወጪ ተሽጣ እንዳትመለስ የሚከላከለው መድኅኑ ነው። በአማራ ክልል በሊቦ ከምከምና በደዋ ጨፋ ወረዳዎች ሴፍቲኔትን ከጤና መድኅንና ከማኅበራዊ አገልግሎቶች ጋር ለማስተሳሰር የተደረገው ሥራ መነሻው ይኸው ሐሳብ ነው።

ሠ. የክፍያ ቀን ብዙ እናቶች በአንድ ቦታ የሚገኙበት በመሆኑ ክትባትና የክንድ ዙሪያ ልኬት በዚያው እንዲሰጥ ከቀበሌው ጋር ማቀድ። ይህ ሲደረግ ግን አገልግሎቱ ለክፍያው መከልከያ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም የማትመጣው እናት ይበልጥ የራቀችውና ይበልጥ የደኸየችው ናት፤ ገንዘቧን መከልከል ይበልጥ ያርቃታል።

ረ. ተረጂዎችን በገንዘቡ አጠቃቀም ከመገሠጽ መቆጠብ። ዕዳውን ቀድሞ የከፈለ አባወራ ለልጁ እንቁላል ባይገዛም፣ በሬውን ከመሸጥ አድኖ ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ቅድመ ሁኔታ የሌለው የገንዘብ ድጋፍ መድኃኒት አይደለም፤ መድኃኒት ግን ወደ ሕመምተኛው እንዲደርስ መንገድ ይከፍታል። በአነስተኛ ገበሬ ቤት ውስጥ ገበታን ያሻሽላል፤ ጉልበትን ወደ ራስ ማሳ ይመልሳል፤ ጥሪትን ከሽያጭ ያድናል፤ እናትን በወሊዷ ሰሞን ያሳርፋል። የሲያያና የዛምቢያ ማስረጃዎች በአንድ ድምፅ እንደሚሉት ደግሞ፣ ይህ ሁሉ ወደ ዳነ ሕይወት የሚለወጠው በቅርብ ርቀት ብቁ ባለሙያ፣ ንጹሕ ውኃና አስተማማኝ አገልግሎት ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ 38 በመቶ፣ በ2019ኙ ዳሰሳ ደግሞ 37 በመቶ የሚሆኑ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት የቀነጨሩ ሆነው በተገኙባት አገራችን፣ የማኅበራዊ ድጋፍና የጤና አገልግሎት ተለያይተው የሚጓዙ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ሆነው ሊቀሩ አይገባም። ገንዘቡን የሚያደርሰው ሌላ አካል ቢሆንም፣ ገንዘቡ ያመጣትን እናት የሚቀበላት የጤና ባለሙያው ነው። የክረምቱ የራብ ወራት ከመግባታቸው በፊት እያንዳንዱ ጤና ኬላ በክልሉ ያሉትን ነፍሰ ጡሮችና የተጎዱ ሕፃናት ስም ዝርዝር ከቀበሌው የቀጥታ ድጋፍ መዝገብ ጋር ቢያመሳክር፣ በመዝገቡ ውስጥ መኖር ሲገባቸው የሌሉትን በቀላሉ ያገኛቸዋል።